አምስቱ ኪሎ ዋት እንጦጦ ሥር ሲደርስ ስንት ይሆናል?

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ያልሰማ የለም። ብዙ ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ወዲያው ያሰበው የራሱን የሳሎን አምፖል ነው። በግድቡና በአምፖሉ መካከል ግን ረጅም መንገድ አለ፦ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ የ15 ሺህ ቮልት መስመሩ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ያዘመመው የእንጨት ምሰሶ። ክረምት ላይ ዛፍ ሲወድቅበት፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ምጣድ ሲሰካበት፣ ለመንገድ የሚቆፍር ማሽን ኬብሉን ሲበጥሰው መብራቱ ይጠፋል። ግድቡ ሞልቶም ይጠፋል። መርካቶ ያሉ የጀነሬተር ሱቆች ከምረቃው በኋላም ደጃፋቸው ላይ ማሽን መደርደራቸውን ያልተዉት ለዚህ ነው።

መጠባበቂያ ጀነሬተር መግዛት በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ ያለው አገዛዙ ላይ ነው፤ የመንግሥቱ ሳይሆን የዕቃው። ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ሙሉ ቤት ይችላል?" የሻጩም መልስ የታወቀ ነው፦ "ወንድሜ፣ እንኳን ያንተን የጎረቤትህንም ይችላል።" ከዚህ በኋላ ክርክሩ በዋጋ ላይ ብቻ ይሆናል። ማሽኑ ምን እንዲያስነሳ እንደሚፈለግ ግን ማንም አልተናገረም።

መነሻ መሆን የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ የማይጠብቀው ነገር የትኛው ነው? ይህ ከተጠየቀ በኋላ ብዙ ቤት የሚያገኘው መልስ ያስገርማል፤ የማይጠብቁት ነገሮች በዋት ሲቆጠሩ በጣም ትናንሾች ናቸው። ማሽኑን የሚያገዝፉት ደግሞ ሊጠብቁ የሚችሉት ናቸው።

ኢንሱሊን የሚያስቀምጥ ፍሪጅ ሲሠራ የሚወስደው ከ100 እስከ 200 ዋት ነው። ሐኪም ለቤት ያዘዘው የኦክስጅን ማሽን እንደ ዓይነቱ ከ300 እስከ 600 ዋት አካባቢ ይበላል። የዋይፋይ ሳጥኑ ከ10 እስከ 15 ዋት ነው። ለፈተና የሚያነብ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ያለ አምፖል 9 ዋት። ከቤት ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ወጣት ላፕቶፕ 60 ዋት። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት፣ ቦይለር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ዋት፣ የውኃ ማፍያ 2 ኪሎ ዋት፣ ካውያ ከ1 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። ያልተተኮሰ ሸሚዝ ነገን ይጠብቃል። የሰው ትንፋሽ አይጠብቅም።

አንድ መደበኛ ቤት ይታሰብ። አራት ሰው፣ ስምንት አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ ዋይፋይ፣ ስልኮች፣ አንድ ፍሪጅ። አምፖሎቹ 72 ዋት፣ ቴሌቪዥኑ 100፣ ላፕቶፖቹ 120፣ ዋይፋዩና ስልኮቹ አንድ ላይ 35፣ ፍሪጁ 150። ድምሩ 480 ዋት እንኳ አይሞላም። ግማሽ ኪሎ ዋት ማለት ነው። ይህ ቤት ነው "ሙሉ ቤት ይችላል" ተብሎ 7 ኪሎ ዋት የሚገዛው።

በእርግጥ ድምሩ ብቻ አይበቃም። ሞተር ያለበት ዕቃ ሲነሳ ከሚሠራበት በላይ ይጠይቃል። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ለቅጽበት ከ3 እስከ 6 እጥፍ ሊስብ ይችላል፤ ስለዚህ 150 ዋት የተባለው ፍሪጅ ለዓይን ጥቅሻ ያህል 900 ዋት ይሆናል። ጀነሬተሩ ያን ቅጽበት ካልቻለ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፕረሰሩ ሳይነሳ ያቃስታል፣ ይህ ሲደጋገም ደግሞ ይቃጠላል። ባለቤቱ "ጀነሬተሩ ፍሪጄን በላው" የሚለው ያኔ ነው። በዚህ ሒሳብ ከላይ ያለው ቤት ሁሉም ነገር በርቶ ፍሪጁ ሲነሳ 1,230 ዋት ያህል ይፈልጋል። 1.5 ኪሎ ዋት በእውነት የሚሰጥ ማሽን በቂው ነው።

"በእውነት የሚሰጥ" የሚለው ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ገዢ የሚታለለው፣ አንዳንዴም ሻጩ ራሱ ሳያውቀው የሚያታልለው፣ እዚህ ላይ ነው።

ጀነሬተር ሞተር ነው፤ ሞተር የሚሠራው በአየር ነው። ፋብሪካው ማሽኑ ላይ የሚጽፈው ቁጥር በባሕር ወለል አካባቢ ባለው አየር የተለካ ነው። ማሽኑ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢነሳ ያንን ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ቀንሷል። ውኃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም የሚፈላበት፣ ሯጮች ለልምምድ የሚመርጡት አየር ይኸው ነው። ለሯጭ የጠቀመው ሞተርን ያደክማል። ስለ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የታወቀው ስሌት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል የሚል ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ 27 በመቶ ይሆናል። 5 ኪሎ ዋት የተባለው ማሽን የሚሰጠው 3.65 ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ከዚያም ያንሳል። 2,800 ሜትር አካባቢ ያለችው ደብረ ብርሃን ላይ 3.4 ነው። ወደ 1,200 ሜትር ወደምትጠጋው ድሬዳዋ ለሚወስደው ሰው ግን ያው ማሽን 4.3 ይሰጣል፤ እዚያ ከከፍታው ሌላ ሙቀቱም ይቀንሰዋል።

ይህ ስሌት ደግሞ ካርቡሬተሩ ለከፍታ የተስተካከለ ከሆነ ነው። ካልተስተካከለ ማሽኑ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይቀዳል፤ ጥቁር ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጅ ይፈጃል። ብዙ ሰው "የቻይና ዕቃ ስለሆነ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ጃፓን የሠራችውም ቢሆን እዚህ ሲመጣ ያንኑ ያደርጋል። ካርቡሬተር የሚያውቅ ባለሙያ ጂግለሩን በአነስተኛ ቀዳዳ ቢቀይረው አብዛኛው ጭስ ይጠፋል፤ የጠፋው ጉልበት ግን አይመለስም።

ከከፍታው ሌላ የቁጥሩ አጻጻፍ ራሱ ወጥመድ አለው። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚችለው ከፍተኛ ጉልበት ነው፤ ለሰዓታት ሊሸከመው የሚችለው ዲናሞው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል። መነበብ ያለበት ሁለተኛው ነው። ኬቪኤ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በ0.8 ተባዝቶ ነው ኪሎ ዋት የሚሆነው፤ 5 ኬቪኤ 4 ኪሎ ዋት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 3 ገደማ። ሌላው፣ ብዙም የማይወራው፣ የሦስት ፌዝ ጉዳይ ነው። ቆጣሪው ሦስት ፌዝ የሆነ ባለ ቪላ "ለእኔ የሚሆነው ሦስት ፌዝ ጀነሬተር ነው" ብሎ 6 ኪሎ ዋት ይገዛል። ማሽኑ ያንን 6 ለሦስት መስመር ነው የሚያካፍለው፤ ከእያንዳንዱ ፌዝ የሚገኘው 2 ብቻ ነው። ምጣዱን አንዱ ላይ ሲሰካው ማሽኑ ይንበረከካል። ሦስት ፌዝ ሞተር የሌለው ቤት ሦስት ፌዝ ጀነሬተር የሚያስፈልገው ነገር የለም።

አሁን ወደ ምጣዱ። የኢትዮጵያን ቤት የጀነሬተር ሒሳብ ከሌላው ዓለም የሚለየው እሱ ነውና። ከላይ የተሰላው ቤት ያለ ምጣድ 1.5 ኪሎ ዋት በቃው፤ ከፍታውን አስቦ 2 ወይም 2.2 ኪሎ ዋት ቢገዛ ይኖራል። ምጣድ ይጨመር ሲባል ግን 3.5 ኪሎ ዋት ይመጣል። ከሌላው ጋር 4 ይሆናል፣ ከፍታው ሲካስ 5.5፣ ማሽኑ ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ እንዳይጨነቅ ትንሽ ትርፍ ሲያዝ ወደ 7። በአንድ ዕቃ ምክንያት ማሽኑ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ያ ዕቃ የሚሠራው ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሁለት ሰዓት ነው።

እንጀራ መጠበቅ ይችላል። ሦስት ቀን የሚቆይ ምግብ ነው፤ ሊጥ እንኳ ቢኮመጥጥ መላ አለው። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያሉ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው የሚጋግሩት፣ መብራቱ ሲመጣ ሥራቸውን ጥለው ወደ ምጣዱ የሚሮጡት ለዚህ ነው። ይህን ድካም አቅልሎ ማየት ነውር ነው። ጀነሬተር ግን ድካሙን በውድ ነው የሚያቀልለው። 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሲሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር ይህን ለመስጠት 3 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ያቃጥላል። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ የአንድ ጋገራ ቤንዚን ስንት እንደሚያወጣ እያንዳንዱ ቤት ራሱ ሊያባዛው ይችላል። በዚያ ገንዘብ ከጎረቤት ባልትና የተጋገረ እንጀራ ገዝቶ ያቺን ሳምንት ማለፍ ይሻላል። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ ሴት ሒሳብ የተለየ ነው፤ የእሷ ጀነሬተር የቤት ዕቃ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው፣ ትልቁን ትግዛ።

"ትልቅ መግዛት ምን ይጎዳል? የማይጎድል ይሻላል" የሚል መከራከሪያ አለ። በመኪና ጭነት ቢሆን ያስኬድ ነበር። ጀነሬተር ላይ ግን ትልቁ ማሽን ጭነት ባይኖረውም ራሱን ለማዞር ነዳጅ ይጠጣል። 7 ኪሎ ዋት ማሽን አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ይዞ ሲዞር ከትንሿ የሚበልጥበት በሰዓት 1 ሊትር ብቻ ቢሆን፣ በወር 40 ሰዓት መብራት ለሚጠፋበት ቤት 40 ሊትር ነው። ያ 40 ሊትር ማደያ ተሰልፎ፣ በጀሪካን ለመቅዳት ተከራክሮ፣ ተለምኖ የሚመጣ ነው። ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከአቅሙ ሲሶ በታች እየጫኑ ለረጅም ጊዜ የሚያሠሩት ናፍጣ ሞተር በደንብ አይሞቅም፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጥላሸት ሆኖ ውስጡን ይዘጋዋል። ሰው ገና አዲስ ሳለ "ሞተሩ ወረደ" ሲል ማሽኑ የተበላሸው በሥራ ብዛት ላይሆን ይችላል፤ በሥራ ማጣት ነው። ድምፁም አለ። ግድግዳ ለግድግዳ በሚኖርበት ሰፈር ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የሚያጓራ ትልቅ ማሽን ስንት የዕድርና የቡና ወዳጅነት እንዳበላሸ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ውኃ መግፊያ ፓምፕ ያለው ቤት መጠኑን ከፍ ማድረጉ ተገቢ ሊሆን ይችላል። የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 1.1 ኪሎ ዋት ያህል ወስዶ ሲነሳ ከ3 በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ይሁንና ሮቶው ራሱ መጠባበቂያ ነው፤ መብራት እያለ ሞልቶ ካደረ ፓምፑም እንደ ምጣዱ መጠበቅ ይችላል።

መጠኑ ከተመረጠ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ሻጭ ይህን አይናገርም፣ ገዢም አይጠይቅም። በከሰል ጭስ ቤተሰብ ሲያልቅ በየዓመቱ የሚሰማ ሕዝብ ስለ ጀነሬተር ጭስ ግን ብዙም አይፈራም። ገዳዩ አንድ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። አይታይም፣ አይሸትም። የጀነሬተር ሞተር የሚያወጣው ደግሞ ከአንድ የከሰል ምድጃ እጅግ ይበልጣል። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ ደረጃ ሥር፣ በር ገርበብ ባለ ሰርቪስ ክፍል፣ ዝናብ እንዳይመታው ተብሎ ኮሪደር ውስጥ፤ እነዚህ ሁሉ የሰው መኝታ አጠገብ ናቸው። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት፣ የጭስ ማውጫውም ወደ ቤት መዞር የለበትም። 6 ሜትር ክፍት ቦታ የሌለው ቤት ጀነሬተር አያስፈልገውም፤ ባትሪና ኢንቨርተር ነው የሚያስፈልገው። ያን ጊዜ 480 ዋቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ፍሪጁ አሥሬ እየቆመ የሚነሳ ስለሆነ የዚያ ቤት አማካይ ፍጆታ ከድምሩ ያንሳል፣ ለአራት ሰዓት ከ1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪዎች ይህን ይሸከማሉ። ሳይጮሁ፣ ሳያጨሱ። የኢንቨርተሩ አቅም ግን የፍሪጁን አነሳስ እንዲችል ሆኖ ይመረጥ።

ሌላው ሞት የሚመጣው ከሽቦው ነው። ሁለቱም ጫፉ ወንድ መሰኪያ የሆነ ገመድ ሠርቶ አንዱን ጀነሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካት በብዙ ሰፈር እንደ ብልሃት ይታያል። ዋናው ብሬከር ሳይጠፋ ከቀረ ከዚህ ቤት የሚወጣው 220 ቮልት በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ሄዶ ትራንስፎርመሩ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ 15 ሺህ ይሆናል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ "መስመሩ ጠፍቷል" ብሎ ሽቦ የሚይዘው የጥገና ሠራተኛ የሰው ልጅ ነው፤ የወጣውም መብራት ጠፋብን ብሎ ይኸው ሰፈር ስለደወለ ነው። መስመሩንና ጀነሬተሩን በምንም መንገድ አንድ ላይ የማያገናኝ ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ያለ እሱ ጀነሬተር ከቤት መስመር ጋር መገናኘት አልነበረበትም።

ይህን ሁሉ ለገዢ ብቻ መተው ተገቢ አይደለም። ወደ አገር የሚገባ ጀነሬተር ላይ በ2,400 ሜትር የሚሰጠው ተከታታይ ጉልበት በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ ማለት ከባድ ጥያቄ አይደለም፤ መድኃኒት ላይ የአገልግሎት ጊዜ እንደሚጻፈው ነው። ደረጃ የሚያወጣውም የገቢ ዕቃ የሚቆጣጠረውም መሥሪያ ቤት አለ፤ የጎደለው ይህ ቁጥር ከእነሱ መጠየቁ ነው። ለእነሱ አንድ መስመር መመሪያ ነው። ለገዢው የዓመት ቁጠባ ነው።

እስከዚያ ድረስ ገዢው ራሱ የሚለካበት ቀላል መንገድ አለው። ወደ ሱቁ ሲሄድ ከቤቱ የውኃ ማፍያውን ይያዝ፤ ሥሩ ላይ 2,000 ዋት የሚል ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ ማሽኑን ደጃፉ ላይ ያስነሳ፣ ውኃ ይሞላ፣ ይሰካ። 2.5 ኪሎ ዋት የተባለው ማሽን ድምፁ ከወረደ፣ ጥቁር ካጨሰ፣ ከጎኑ የተሰካው አምፖል ከደበዘዘ ቁጥሩ የጅቡቲ ነበር ማለት ነው። ከቻለውም አንድ ጊዜ አፍልቶ መንቀል አይበቃም፤ ውኃው እየተቀየረ ሃያ ደቂቃ ይሥራ። ሻጩ ሃያ ደቂቃውን ከተሰላቸበት፣ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሩቅ አይደለም።